ሃያ አራት ቮልት በድምፅ ብልጫ

መምህር ታረቀኝ የሰው ገንዘብ ያልነካ፣ በሐሰት ያልመሰከረ፣ ጾሙን ያልሻረ ሰው ነው፤ እግዚአብሔር ግን ለእኛ ለጎረቤቶቹ ትዕግሥት መፈተኛ ይሆን ዘንድ አንዲት ጉድለት ትቶበታል። የራሱ የሆነውን ነገር «ትንሽ ነው» ብሎ መናገር አይሆንለትም። አራት እግር ጎመን የበቀለባትን ጓሮ «እርሻዬ» ይላታል። ጉንፋን ሲይዘው እንኳ የእርሱ ጉንፋን እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ ሐኪም የሚያስደነግጥ ነው።

ታረቀኝ የአምባሰል ተወላጅ ነው። መንግሥት ለትምህርት ወደ ኪዬቭ ልኮት አራት ዓመት ከቆየ በኋላ በ1978 ዓ.ም. መምህር ሆኖ ሐይቅ ገባ። አብረውት የተማሩት ካፖርትና የሸክላ ሳሕን ይዘው ሲመለሱ እርሱ በካልሲ የተጠቀለሉ፣ እግራቸው የበዛ፣ ጥቋቁር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይዞ መጣ። ከእነዚህ ኮምፒዩተር እሠራለሁ አለ፤ ሰውም ሳቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በመበየጃ ካውያ እርሳስ እያቀለጠ አንዱን ካንዱ አያያዘ። ሚስቱ የሺሀረግ መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ያዘችለት፤ ከጢሱም የተነሣ አብራው ሳለች። ሣጥኑን ከጣውላ አበጀ፤ ጽሑፍ ማሳያ ይሆን ዘንድ አሮጌ ቴሌቪዥኑን ሰጠው። በ1980 ዓ.ም. ጥር ላይ ሥራው አለቀ። የቀረው የማሽኑ ቀለብ ብቻ ነበር፤ እርሱም የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው።

ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ያ ማሽን የሚበላው አምስት ቮልት ነው። ቢጎድልበት አይነሣም፤ ከልኩ ቢያልፍበት ደግሞ እነዚያ ጥቃቅን ዕቃዎች ዓይን እስኪጨፈን እንኳ ሳይቆዩ ይቃጠላሉ። ምትካቸው ከኪዬቭ ወዲህ አይገኝም። ታረቀኝ ይህን ከማንም አስበልጦ ያውቀዋል።

ስለዚህ በገበያው ዳር ሬዲዮ ወደሚጠግነው ወደ ኑርዬ ሄደ። ኑርዬ ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም፤ ሆኖም ሞተ የተባለ ሬዲዮ ከእጁ ዜና እያወራ ይወጣል። ከአንድ ስብርባሪ ሬዲዮ ውስጥ ቡጢ የምታህል ትራንስፎርመር አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ከእርሷ ኃይል መስጫ እንደሚሠራለት፣ ሙቀቱን እንዲያበርድላትም ከዘይት ቆርቆሮ ክንፍ ቆርጦ እንደሚያስርባት ነገረው። ቮልት ልክ መሆን አለበት፤ አምፔር የሚሉት የኃይሉ ብዛት ግን ተርፎ ቢቀመጥ አይጎዳም፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ወስዶ የቀረውን ይተወዋልና አንድ ተኩል ለሚበላ ሦስት ይበቃል፤ ክብደትና ማጓራት ግን የሚጨምሩት ነገር የለም ብሎ በትሕትና አስረዳው።

ታረቀኝ ትራንስፎርመሯን እንደ ስድብ ተመለከታት።

«ይችን ይዤ ሕዝብ ፊት ልቁም?»

«አብሽሩ መምህር፤» አለ ኑርዬ ከሥራው ቀና ሳይል፤ «ጉራው ለአንቱ ነው እንጂ ለሷስ አምስት ይበቃታል።»

ታረቀኝ ሳይሰናበት ወጣ። ጌታችን በአምስት እንጀራ ያን ሁሉ ሕዝብ ማጥገቡን በየዓመቱ ቆሞ የሚሰማ ሰው በአምስት ቮልት ያፍራል ብሎ ማን ይገምታል? ለካስ አስቀድሞ በቀበሌው አዳራሽ ማሽኑ የአምባሰልን የእህል ምርት በሙሉ ሰው ወፍጮ ቤት ተራ ከሚጠብቅበት ባነሰ ጊዜ እንደሚደምር ተናግሮ ኖሯል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሻግሬ ነገሩን ከልብ ያዙት። በሚቀጥለው ስብሰባ ታረቀኝን አስነሥተው ማሽኑ ምን ያህል ቮልት እንደሚፈልግ ጠየቁት። አምስት ብሎ መናገር ግን አልሆነለትም።

«በጥናት የሚወሰን ነው፤» አለ።

በዚያ ዘመን ጥናት የሚለውን ቃል የሰማ ስብሰባ እንዲሁ አይበተንም። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ሳምንት መክሮ ሦስት አሳብ ይዞ መጣ፤ ከገበሬ ማኅበሩ ትንሽ መኪና ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት፣ ከማኅበሩ ጭነት መኪና ባትሪ መሙያ ቻርጀር ሃያ አራት ቮልት፣ ወይም በቀጥታ ከግድግዳው ሁለት መቶ ሃያ። አሥራ ሁለቱ የንዑስ ከበርቴ አመለካከት ነው ተብሎ ተተቸና ወደቀ። ሁለት መቶ ሃያው በሁለት ድምፅ ብቻ ተሸነፈ፤ ይህንንም ከፈጣሪ ቸርነት እንቆጥረዋለን። ሃያ አራት ቮልት በድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፤ ተጨበጨበ። እጃቸውን ካወጡት መካከል መምህር ታረቀኝ ነበረ፤ ያውም ከሁሉ ከፍ አድርጎ።

ቻርጀሩን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ቤቱ አደረሱለት። ሲሰካ ያጓራል፤ ግንባሩ ላይም ቀይ መብራት አለው። የሺሀረግ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«ይቃጠላል አይደል?» አለችው።

«በድምፅ ብልጫ አልፏል።»

«እሳቱም እጅ እስኪወጣ ይጠብቃል እንዴ?»

ታረቀኝ ነጠላውን ደርቦ ወደ ኑርዬ ተመለሰ፤ ምን ብሎ እንደ ለመነው ግን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገረም። ኑርዬ በጓሮ በር ገባ። ትንሿን ኃይል መስጫ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት አብራ እንድትሠራ ከውስጡ ሸሽጎ ቀጭን ሽቦዋን ሥዕሉን ወደ ቴሌቪዥኑ ከሚያመጣው ሽቦ ጋር ወደ ማሽኑ አሳለፈ። የቻርጀሩን ወፋፍራም ሽቦዎች ደግሞ ከማሽኑ ኋላ በቆመ ቁራጭ እንጨት ላይ በብሎን አጠበቃቸው። ሽቦዎቹ ከእንጨት በቀር የሚነኩት ነገር አልነበረም። ከዚያም በጓሮ በር ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ከሐይቅ ዙሪያና ከውጫሌ የገበሬ ማኅበር ተጠሪዎች ሁሉ መጥተው ነበር። ጓድ አሻግሬ በገዛ እጃቸው ቻርጀሩን አበሩ፤ እርሱም አጓራ። ታረቀኝ ደግሞ ቀስ ብሎ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ፊደላት ወጡ። የአሥር ቀበሌ ኩንታል ተጽፎ ገባ፤ ድምሩም በቅጽበት ታየ። አዛውንቶቹ አማተቡ፤ ሌሎቹ «ማሻአላህ» አሉ። ጓድ አሻግሬ ስለ ሃያ አራት ቮልት ትክክለኛነት ንግግር ጀመሩ።

ንግግሩ ወገቡ ላይ ሳይደርስ የጭነት መኪናው ሾፌር ወልዴ ሰው እየገፋ ገባ። መኪናው እህል እንደ ጫነ ባትሪው ሞቶ ቆሞበታል። ፈቃድም አልጠየቀ፤ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ነቅሎ ብድግ አደረገው። ሽቦዎቹም ቁራጭ እንጨታቸውን እየጎተቱ ተከተሉት። በቴሌቪዥኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች ግን ንቅንቅ አላሉም።

ሰው ሁሉ ወደ እንጨቱ ዞረ። ጓድ አሻግሬ እንጨቱን አዩ፤ ቁጥሮቹን አዩ፤ ጥቂትም አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ጓዶች፤» አሉ፤ «ማሽናችን ራሱን ችሏል።»

ጸሐፊው መዘገበ። ጭብጨባው ጣራውን አናወጠው። መምህር ታረቀኝም፣ ይቅር ይበለውና፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እስከ ዛሬ በሐሰቱ ይከበር ነበር።

ጓድ አሻግሬ ግን ደስታቸው አላስቀምጥ አላቸው። ያለ ምንም ኃይል ይህን የሠራ ማሽን በሃያ አራት ቮልት ቢታገዝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለተጠሪዎቹ ሊያሳዩ ፈለጉ። ወልዴን አስቁመው ቻርጀሩን መልሰው አሰኩ፤ እንጨቱን ፈተው ጣሉ፤ ሁለቱን ሽቦዎች በሁለት እጃቸው ይዘው ክፍት ወደ ሆነው ሣጥን አጎነበሱ።

ያን ጊዜ ታረቀኝ መዳፉን ማሽኑ ላይ ዘረጋ።

«አይንኩት ጓድ ሊቀመንበር። የሚበላው አምስት ቮልት ነው።»

«ስንት?»

«አምስት። የእጅ ባትሪዎ እንኳ በአራት ድንጋይ ስድስት ቮልት ይሰጣል። ኃይሉን ኑርዬ ከአሮጌ ሬዲዮ ሠርቶልኝ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው ያለው።»

ጓድ አሻግሬ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ሽቦዎቹ ገና በእጃቸው ነበሩ።

«ታዲያ ለሃያ አራቱ እጅህን ያወጣኸው ለምንድን ነው?»

ታረቀኝ ሚስቱን አየ። እርሷ ማሽኑን ታያለች።

«ትልቅ እንዲመስልልኝ ነው፤» አለ።

መጀመሪያ በበሩ በኩል አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ወልዴ ብቻ አልሳቀም፤ ቻርጀሩን ተሸክሞ ወደ መኪናው ሄደ። ጓድ አሻግሬም አልሳቁም፤ የተጨበጨበለት ውሳኔ ስሕተት ሊሆን አይችልምና። እዚያው ቆመው ስብሰባ ከፈቱ። ሃያ አራቱ ቮልት «ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ» አምስት እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ሁለት መቶ ሃያውን ደግፈው የነበሩትም ያለ አንዳች ኀፍረት እጃቸውን አወጡ። ኮሚቴው ላሳየው ቆራጥነት ተመሰገነ። የኑርዬ ስም በቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም። ታረቀኝ ግን ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘና በሦስት ተከታታይ ስብሰባ እየተነሣ ማሽኑ ትንሽ መሆኑን ለሕዝብ ተናዘዘ። በሦስተኛው ላይ በመላው ወሎ ከእርሱ ማሽን ያነሰ የሚበላ እንደሌለ ማስረዳት ስለ ጀመረ በቃህ ተብሎ ተቀመጠ።

በዚያ ቅዳሜ ማግሥት እሑድ ኑርዬ ምሳ ተጋበዘ። ሥጋው ስለማያገናኛቸው የሺሀረግ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠበሰች። ማሽኑ ሳይቃጠል ወደ ትምህርት ቤቱ ተወሰደ፤ ልጆቹም በየተራ ስማቸውን እየጻፉበት ተማሩ።

ለመምህር ታረቀኝ እግዚአብሔር ዕድሜና ልቡና ይስጠው፤ ለየሺሀረግም የትዕግሥቷን ዋጋ ይክፈላት፤ ቤታቸውን ሰላምና በረከት አይለየው። አሜን።