የቅቤ ተራዬ

ፖሊሶች የያዙኝ ከጥርስ ክሊኒክ ስወጣ ነው፤ ግማሽ አፌ ገና እንደደነዘዘ። ሐኪሙ የመንጋጋ ጥርሴን ነርቭ ገድሎ፣ ዙሪያውን ሞርዶ በጊዜያዊ መሙያ ደፍኖልኝ ነበር። «ክራውኑን፣ የላይ ሽፋኑን፣ ቶሎ ካላስገባሽ ጥርሱ ይሰነጠቃል» ብሎኛል።

የክራውን ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ደመወዙም ቢሆን ከተቋረጠ ቆይቷል፤ የታሰርኩትም በእሱ ነው። አስተማሪዎች ተሰብስበን በደብዳቤ ጠይቀን ነበር።

ተስፋ ያደረግሁት የቅቤ ማኅበራችንን ነው። የሰፈራችን ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እናዋጣለን፤ ባለ ተራዋ ሁሉንም ወስዳ ትሸጥና ችግሯን ትወጣበታለች። የሚቀጥለው ሳምንት ተራ የእኔ ነበር።

የታሰርኩበት ከተማ ከቤቴ ሩቅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከዳምቦያ የመጣች አንዲት ሴት ታስራ አገኘሁ። ጉንጬን ይዤ ስለ ጥርሴና ስለ ቅቤ ተራዬ ስነግራት ከሻሿ ጫፍ ቅርንፉድ ፈታች።

«ነክሰሽ ያዢው። እና ጥርስ በቅቤ ልትገዢ ነው? እኔ በቅቤ የገዛሁት ባሌን ብቻ ነው፤ እሱም አላኘከልኝም።»

ሳቅሁ፤ ሳቁም አመመኝ። በማግስቱ ለቀቋት። ቅርንፉዱን ትታልኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ በክፍሉ የምሰማው የራሴን ጸሎት ብቻ ሆነ።

መርማሪው አልጮኸብኝም።

«መምህርት፣ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ብቻ ንገሪኝ። ዛሬውኑ ትወጫለሽ። የቅቤ ተራሽም አያልፍሽም።»

ስለ ቅቤው ከማን እንደሰማ አላውቅም።

«ሁላችንም ፈርመናል» አልኩት።

«ማን ጻፈው ነው ያልኩሽ።»

«ሁላችንም ፈርመናል።»

የጻፈችውን አውቃት ነበር። ጡት የሚጠባ ልጅ ነበራት።

ልጄ የቡላ ገንፎ ይዛ መጣች። ጠባቂው ፖሊስ ፊቱ አስቀመሳት። በቋንቋችን በሀዲይኛ ሰላም ስትለኝ «በአማርኛ!» አለ። እናትና ልጅ በአማርኛ ስናወራ የመጀመሪያችን ነው። እንደ እንግዳ ሰው ደህንነት ተጠያየቅን።

«እማዬ፣ ቅቤው ነገ ነው። ልቀበልልሽ?»

ያ ቅቤ ቤቴ እየጠበቀኝ፣ ጥርሴም እየጠዘጠዘኝ፣ አንድ ቀን የደብዳቤውን ጸሐፊ ስም እንዳላወጣ ራሴን ፈራሁት።

«አትቀበዪ» አልኩ፤ ፖሊሱ እንዲሰማ፣ ሰምቶም ለመርማሪው እንዲያወራ ጮክ ብዬ። «ለቀጣይዋ ይስጧት። እኔ ከሁሉም መጨረሻ ልሁን።»

መርማሪው ከዚያ በኋላ ስለ ቅቤ አላነሳብኝም። ጥርሴ እዚያው ዳቦ ሳኝክ ተሰነጠቀ። ስፈታ ተነቀለ። ተራዬ በመጨረሻ ሲደርስ መቦርቦር የጀመረውን የልጄን ጥርስ ሳይብስ አስሞላንበት። እግዚአብሔር ይመስገን።

እሑድ እሑድ በመዘምራን መካከል እቆማለሁ። አፌን በነጠላ አልሸፍንም። ደብዳቤውን የጻፈችው አጠገቤ ትቆማለች፤ መርማሪው ምን እንደጠየቀኝ አልነገርኳትም።

ባለፈው እሑድ «ምነው ይህን ጥርስ ብታስተክዪው?» አለችኝ።

«ውድ ነው» አልኳት። መዝሙሩ ተጀመረ።