ለማያነብ ሰው የተሣለ መንገድ

አያ ተገኘ ዘንድ ሥራ የገባሁበትን ዓመት በትክክል አላስታውስም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ነው፤ ፒያሳ ሱቆቹ ላይ የነበረው የጣሊያን ጽሑፍ እየተፋቀ በአማርኛ ይተካ ነበር። አያ ተገኘ የሱቅ ሰሌዳ ሠዓሊ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ቀለም አላስነኩኝም። ብሩሽ በላምባ ሳጥብ፣ የዛገ ቆርቆሮ ስፍቅ ዋልኩ። ሲመሽ እጄን አይተው፣ «ሸጋ ነው፤ ነገም ና» አሉኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ዘንድ ነው፤ ከዚያ አላለፍኩም። ለሰሌዳ ግን በቃኝ።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ወገራ ውስጥ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ካለች ክሊኒክ አንድ ቁስል የሚያክም ድሬሰር መጣ። በሽተኛው በር እየተሳሳተ ተቸግሯል። የቆሰለው ከትኩሳተኛው ጋር ተሰልፎ ይውላል፤ የባሰበት ሳይታይ ይመሻል። የዚህን መላ በወረቀት ላይ በሳጥንና በቀስት አስምሮ ይዞ ነበር፤ ዛሬ ልጆች ፍሎውቻርት የሚሉት መሆኑ ነው። አያ ተገኘ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና ለእኔ ሰጡኝ። ብቻዬን የወጣሁበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው።

ወረቀቱ ላይ መስመሮቹ እርስ በርስ ይጠላለፉ ነበር፤ አንዱን ስከተል ሌላው ላይ እወጣለሁ። ከድሬሰሩ ጋር ቁጭ ብለን መሬት ላይ በከሰል አፍታታነው። ባንድ ቦታ አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ቁስል ነው ወይስ ትኩሳት? ከዚያ ሁለት መንገድ። የሚያነብ ስለሌለ፣ ክሊኒኩ ደጅ ባቆምነው ሰሌዳ ላይ ለቁስል የታሰረ እግር፣ ለትኩሳት ጋቢ የተከናነበ ሰው ሣልኩ። በቀስት ፈንታም ጎናቸውን ሰጥተው ወደየበሩ የሚራመዱ ሰዎችን አደረግሁ። ድሬሰሩ በጣም ወደደው።

በማግስቱ ማልዳ የመጣችው ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ናት። ልጁ በትኩሳት ይነዳል። ሰሌዳውን ብዙ አየችና አማትባ ወደ መጣችበት ዞረች። ድሬሰሩ ተከትሎ ቢለምናት አልሰማ አለች። እኔም ከመሰላል ወርጄ ሮጥኩ።

«እታለሜ፣ ምነው ትመለሻለሽ?»

«አንተ ሂድ ከነሱ ጋር። ባለ አንድ ዓይኖቹ ወዴት እንደሚወርዱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይቻለሁ። ልጄን ይዤ አልከተላቸውም።»

እውነቷን ነው። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ያያል፤ አጋንንትና ኃጢአተኛ ግን ከጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን እያየሁ አድጌ፣ እርምጃቸውን ላሳይ ስል ፊታቸው ተዘነጋኝ።

ትንሽ ታገሽኝ አልኳት። ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር። የትኩሳተኞቹን መሪ ፊት ፍቄ ወደ እኛ መለስኩት፤ ሁለት ዓይን ሰጠሁት።

«አሁን ሰው ሆነ» አለች። «አፍንጫው ግን ያንተ ነው፤ እንግዲህ ምን ታደርገዋለህ።»

ከዚያ መስመሩን በጣቷ ተከትላ፣ ማንንም ሳትጠይቅ በትኩሳት በር ገባች። ልጁ መርፌ ተወጋ። ትኩሳቱ እስኪበርድ ደጅ ተቀምጣ፣ የሚመጣውን ሁሉ «አንተስ በየት ትገባለህ?» እያለች ሰሌዳው ፊት ታቆመው ጀመር። ሰው የተደናገረበትን እየጠራች ትነግረኛለች፤ እኔም ፊቶቹን እያዞርኩ፣ መስመሩን እያቃናሁ ዋልኩ። ወደ ማታ ልጁ ጡት ጠየቀ።

እንዲህ ያለ ሥዕል መግቢያው አንድ ይሁን፤ መስመሮቹ አይጠላለፉ። ቀለሙ ሳይደርቅ ደግሞ ለሚሄድበት ሰው ይታይ። እኔን በዚያ ሥራ ያሻገረችኝ ያች ልጇን ያዘለች የወገራ ሴት፣ ወይዘሮ የሻረግ ናት።