ከሽሮ ሜዳ ሱሉልታ፣ በምትፈላ ማኪና

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ሽሮ ሜዳ

ሌሎች የጉዞ ማስታወሻ ከምጽዋና ከሐረር ይጽፋሉ። የእኔ ጉዞ ከሽሮ ሜዳ ሱሉልታ ደርሶ መልስ ነው። ሆኖም መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።

ማኪናዋ ጣሊያን ጥሏት የሄደች፣ ግራጫ፣ የኋላ መስኮቷ በካርቶን የተተካ ናት። ባለቤቷ ጋሽ አንጁሎ ከጋሞ መጥተው ሽሮ ሜዳ የከተሙ ሸማኔ ናቸው። እኔ እነዳላቸዋለሁ፤ ስትበላሽም እጠግናለሁ። ጥገና ያስተማረኝ ሰው የለም። ሽፋኑ የጠፋ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት።

የጋሽ አንጁሎ ሚስት የእትዬ ዘነቡ ቀኝ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ግራውንም ሞራ ጋርዶታል። ጳውሎስ ሰፈር ባለው ሐኪም ቤት የሚሠራው ፈረንጅ የዓይን ሐኪም በማግስቱ አገሩ ሊገባ ነው። "ማክሰኞ እስከ አራት ሰዓት ካመጣችኋቸው ሞራውን እገፍፍላቸዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልኖርም" ብሏል። እሳቸው ግን የእህታቸው ባል ሞቶ፣ ለለቅሶ ሱሉልታ ሄደው እዚያው ሰንብተዋል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ አዲሱ ገበያን አልፎ

ዳገት። ጭጋግ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ ወተት የጫኑ አህዮች፣ ሁሉም ወደ ከተማ ይወርዳሉ፤ ሽቅብ የምንወጣው እኛ ብቻ ነን። ጋሽ አንጁሎ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

"አንተ መሐንዲስ፣ ያንን ሰዓት ምን ደጋግሞ ያሳይሃል?"

"ሰዓት አይደለም ጋሼ፤ የውሃውን ሙቀት ነው የሚናገረው።"

"እና ምን ይላል?"

"ደህና ነው" አልኳቸው። ደህና አልነበረም። መርፌው ቀዩን መስመር ለመንካት የቀረው የአንድ ጣት ውፍረት ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ አቁሜ፣ በረድ ሲል ውሃ ጨመርኩ፤ ብርዱ ያበርደዋል ብዬም ራሴን አጽናናሁ።

ሁለት ሰዓት ሩብ፤ ሱሉልታ

እትዬ ዘነቡ ደጅ ተቀምጠው እየፈተሉ ይጠብቁናል። ለመፍተል ዓይን አያስፈልጋቸውም። እህታቸው ትኩስ ቂጣ በቅቤ አቀረቡ፤ እኔ ቆሜ ጎረስኩ።

"ማኪናዋ የተቃጠለ ነገር ትሸታለች" አሉ እትዬ ገና ሲገቡ።

"እሱ የልጁ ጭንቀት ነው የሚሸትሽ" አሉ ጋሽ አንጁሎ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ፤ የመልሱ ዳገት

ከሱሉልታ በኩል ያለው ዳገት አጭር ነው። ነገር ግን ፀሐይ ወጥታለች፤ ነፋሱም ከኋላችን ነው። እኩሌታው ላይ ሳንደርስ መርፌው ቀዩን አለፈ፤ ከሞተሩ ክዳን ሥር እንፋሎት ተተኮሰ። አቆምኩ።

ወዲያው ሁለቱን የውሃ ቱቦዎች በጨርቅ ነካሁ፤ ላይኛውም ታችኛውም እኩል ያቃጥላል። የውሃ ማቀዝቀዣውን፣ ራዲያተሩን፣ ትኩስ እያለ መክፈት ግን ፊት ይልጣል። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ጋሽ አንጁሎ ሰዓታቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ይመልሳሉ።

ከዚያ በተራ ፈተሽኩ። ውሃው ጎድሏል፤ የሚያንጠባጥብ ቦታ ግን የለም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጊያ ጥብቅ ነው። ዘይቱን አየሁ፤ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። ሁለቱ ቱቦዎች እኩል ካቃጠሉ ደግሞ ውሃው ይዞራል፤ ግን ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። የራዲያተሩ ሆድ ዝገት ለብሶ ሙቀት አላስወጣ ብሏል ብዬ ደመደምኩ። ያ ደግሞ መንገድ ላይ አይጠገንም።

"ጋሼ፣ ሌላ ማኪና ብንለምን..."

"የት ያለውን?" አሉ። መንገዱ ላይ ከአህያ በቀር ምንም የለም።

እትዬ ዘነቡ በርዷቸው ወረዱ። በመዳፋቸው እየዳሰሱ ወደ ማኪናዋ ፊት ዞሩና፣ ሙቀቱን ፈልገው ጣታቸውን በፍርግርጉ መሐል ወደ ራዲያተሩ አስገቡ። የሆነ ነገር በሁለት ጣት አሹ።

"ታደሰ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"አቧራ ነው እትዬ፤ እጅዎ ይቆሽሻል።"

"አቧራ እንዲህ አይሳብም።" ሲጎትቱት ጥቁር ክር ሆኖ ወጣ። "ባዘቶ ነው። የገዛ ጥጣችን።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። የራዲያተሩ ቀጫጭን ቆርቆሮዎች ብርሃን አያሳልፉም። ከሁለት ወር በፊት፣ ዝገት እንዳይበላው ብዬ ፊቱን በተቃጠለ ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ማኪናዋ የምታድረው ደግሞ ጋሽ አንጁሎ ግቢ፣ ጥጥ በደጋን የሚነደፍበት ዳስ ሥር ነው። ብናኙ ዘይቱ ላይ እየተጣበቀና እየጠቆረ ብረት መሰለኝ። ነፋስ የማይገባው ራዲያተር ምን ያቀዘቅዛል? ስንት ጠዋት አይቼው አልፌያለሁ!

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩ።

"ጥፋትህን ቤት ስንገባ ትነግረኛለህ" አሉ ጋሽ አንጁሎ። "አሁን በምን ይወጣል?"

እትዬ ዘነቡ እንዝርታቸውን ዘረጉልኝ።

እኔ በእንዝርቱ ሹል ቆርቆሮዎቹን ከላይ ወደ ታች እጠርጋለሁ፣ ጋሽ አንጁሎ የወጣውን ይጎትታሉ፣ እትዬ እየዳሰሱ "እዚህ ቀርቷል፤ እዚህም" ይላሉ። ጥቁሩ ጥጥ መንገድ ዳር ተከመረ።

"አንድ ነጠላ ይወጣዋል" አሉ ጋሽ አንጁሎ።

ሞተሩን አስነስቼ ውሃውን በቀስታ ሞላሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከገባ ብረቱ ይሰነጠቃል። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ መሐል ሲደርስ ቆመ።

ለአራት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ጉዳይ፤ ጳውሎስ

ነርሷ የእትዬን እጅ አየች። "እማማ፣ ዓይን ሊታከሙ ነው ወይስ ከጋራዥ ነው የመጡት?"

"ከሁለቱም" አሉ እትዬ። እጃቸውን አስታጥባ ይዛቸው ገባች።

ከወር በኋላ፤ ሽሮ ሜዳ

እንዝርቱን በላምባ ሁለት ጊዜ፣ በሳሙና ሦስት ጊዜ አጥቤ ወሰድኩላቸው። እትዬ ዘነቡ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። ተቀበሉኝና ወደ በሩ ብርሃን አነሡት።

"አላጠብከውም" አሉ። "እዚህ ጋ፣ ከአናቱ ሥር ጥቁር ቀርቷል።"

ተቀብዬ ለራሴ ዓይን አስጠጋሁት። ቀርቶ ነበር፤ ከፀጉር የቀጠነ መስመር።