ከምድጃ ወደ ባቡር

ሰፈራችን ከዚራ በሙሉ የከሰዓቱን ሙቀት ሸሽቶ ሲተኛ አክስቴ መቀሷን ታነሳ ነበር። የባቡር ድርጅቱ ፈረንጆች ጥለዋቸው ከሄዱት አሮጌ መጽሔቶች፣ ሽርጥ ታጥቀው ምድጃ አጠገብ የሚስቁትን ሴቶች እየቆረጠች፣ ግድግዳዋ ላይ በሳለችው ባቡር መስኮቶች ላይ ትለጥፋቸው ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ያለ ቀበሌ ይለፍ ከከተማ መውጣት አይቻልም። አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ገብቶ አየና፣ «እነዚህ የይለፍ ወረቀት አላቸው?» አላት።

«የትም አልሄዱም ጓድ፤ ቆመው ስለደከማቸው አስቀመጥኳቸው እንጂ» አለችው። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወጣ።

የመጨረሻው መስኮት ግን ሁልጊዜ ባዶ ነበር። የማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ተራዋ የደረሰ ትቀመጥበታለች» ትለኝ ነበር።

አክስቴ ካረፈች በኋላ የቀረን ፎቶዋ አንድ ብቻ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ቆማ ትስቃለች። ዛሬ ከሰዓት፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ መቀሷን አነሳሁ።