ለቀጨኔ ውሃ ሁለት ቁልፍ

አቶ ሸፊ ከኮታቸው ኪስ የሴት ጥፍር ቀለም የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ቀዩን ነበር የሚመርጡት፤ ክፍተት ሲኖር ቶሎ ይታያል። ጉለሌ ውስጥ ቀለሙን የሚሸጡላቸው ወይዘሮ ቡርቱካን አንድ ቀን፣

«ለሙኒያ ነው?» ሲሉ የሚስታቸውን ስም ጠሩባቸው።

«ለመሥሪያ ቤት ነው።»

«መሥሪያ ቤቱ ጥፍር አለው?»

መሥሪያ ቤቱ ያለው አልጌ ነው። አልጌ የቆመ ውሃን አረንጓዴ የሚያደርገው ነው፤ አንድ በአንድ ግን በዓይን አይታይም። አቶ ሸፊ የውሃውን ጠብታ በጣት ስፋት መስታወት ላይ ያኖራሉ፣ በስስ መስታወት ይከድናሉ፣ እንዳትደርቅ ጠርዙን በጥፍር ቀለም ይደፍናሉ፣ ከየት እንደተቀዳች ይጽፋሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ለሚሠሩበት ሙዚየም ሁለት ሺህ አራት መቶ መስታወት ሞልተዋል። መስታወቶቹ የተቀመጡበት ቁም ሳጥን ግን ቁልፍ የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አመልክተው ስላላገኙ በሽቦ ያስሩታል።

በ1971 ዓ.ም. ጓድ ዳኜ መጣ፤ ለክሊኒኮች ዕቃ የሚያሰባስብ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው። ለሰገራ ምርመራ መስታወት ጠፍቷል። ሽቦውን ፈትቶ አንዱን ወደ መስኮቱ አነሳ።

«ባዶ ነው።»

«ሙሉ ነው፣ ጓድ። ያልተነካ አንድ ካርቶን አለኝ፣ እሱን ይውሰዱ።»

«እሱንም እነዚህንም። ሰፊው ሕዝብ መመርመሪያ አጥቶ እርስዎ ባዶ መስታወት ጥፍር ቀለም ይቀባሉ? ነገ በሳሙና ታጥቦ ይጫናል።»

አቶ ሸፊ ክርክር አላበዙም።

«ጓድ፣ ቤትዎ የሚጠጣው የየት ውሃ ነው?»

«ቧንቧው ከተቋረጠ ወዲህ የቀጨኔው ምንጭ፣ ከድልድዩ በላይ ያለው። ምነው?»

አሥራ ሰባተኛውን መሳቢያ ሳቡ። «ቀጨኔ፣ ከድልድዩ በላይ» የሚለውን ማይክሮስኮፑ ላይ አኑረው ከሥሩ ያለውን ማንጸባረቂያ ወደ ብርሃን አዞሩ። ጓድ ዳኜ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ከድኖ አጎነበሰ።

«ጀልባ ይመስላል... ይሄዳል እንዴ?»

የሄደው ክንዱ ጠረጴዛውን ስለገፋ ነበር። አቶ ሸፊ አላረሙትም።

«በዚህች ጠብታ ስንት ይሆናሉ?»

«ሦስት መቶ ገደማ።»

«እኔ እኮ ዛሬ ጠዋት ብቻ አንድ ጣሳ...» ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየ። «እነዚህ ሁሉ እንደዚሁ ናቸው?»

«ከዚህ የሚበዙም አሉ። ነገ ሲታጠቡ እጣቢው ወደ ወንዙ ነው የሚወርደው።»

ጓድ ዳኜ ካርቶኑን ብቻ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ቁልፍ ሠሪው ዋቅቶላ ሁለት ቁልፍና የጓድ ዳኜ ኮሚቴ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዞ ደረሰ፤ «በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ» ይላል። አቶ ሸፊ ፈርመው ተቀበሉ። ዋቅቶላ ሁለተኛውን ቁልፍ በሩ ላይ እያጠበቀ ጠየቀ፤

«ጋሽ ሸፊ፣ ውስጡ ምንድን ነው?»

«ውሃ። የቀጨኔ ምንጭ ውሃም አለበት።»

ዋቅቶላ መፍቻውን አስቀመጠ።

«የእኛው ምንጭ? እኛ እኮ በባልዲ ነው የምንቀዳው።»