ለዝናቡ ግለ ሂስ ያደረግኩት እኔ ነኝ

ልጄ አሁን ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ «አባዬ፣ አለቃዬ አንድ ቁጥር ብቻ አምጪ አለኝ» ብላ ቁጭ አለች።

ደነገጥኩ። በደርግ ጊዜ እኔም የተባልኩት ይህንኑ ነው።

እሷ የአንድ ፋብሪካ የምርት ዕቅድ ባለሙያ ናት። ጥሬ ዕቃው መቼ እንደሚገባ፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ዕቅዱን «ፈዚ» በሚባል የሂሳብ ሞዴል ሠራችው። ሞዴሉ በአንድ ቁጥር ፈንታ ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና ይበልጥ የሚጠበቀውን ይሰጣል። ባጭሩ «ገደማ»ን በሂሳብ መጻፍ ነው።

እኔ የካ ውስጥ አንድ ጡብ ፋብሪካ ዕቅድ ክፍል ስሠራ ይህን ሂሳብ አላውቅም ነበር፤ «ከዚህ እስከዚህ ገደማ» ብዬ ግን ጽፌያለሁ። ምድጃችን የሚነደው በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነበር። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ይረጥባል፣ ጥሬው ጡብም ሳይደርቅ ይከርማል።

ሥራ አስኪያጁ «ጓድ፣ አብዮቱ ገደማ አያውቅም» አለኝና ገደማዬን ሰርዞ ትልቁን ቁጥር ብቻ ጻፈበት።

ዝናቡ መጣ፤ ኮታው ሳይሞላ ቀረ። ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ አድርግ ተባልኩ። ተነስቼ እንጨቱ ስለረጠበ ራሴን ወቀስኩ። ቤቱ አጨበጨበልኝ። (በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።)

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ትለኛለች አሁን። ግምገማዋ ነገ ጠዋት ነው። ስልኬን አንስቼ ይህን ለእናንተ እጽፋለሁ።

በእጃችሁ ባልነበረ ነገር ተነስታችሁ ይቅርታ የጠየቃችሁ ካላችሁ፣ እስቲ ጻፉልኝ። እሱን ሳነብላት ልደር።