ሻሮፋት የቀበረችው በለስ

እህቴ ሻሮፋት ዕድሜዋን በጨረሰችበት በፌርጋና ሸለቆ፣ የበለስ ዛፍ በየዓመቱ ይቀበራል። ቅጠሉ ሲረግፍ ቅርንጫፎቹን በገመድ ጠፍረን መሬት ላይ እናስተኛና አፈር እንከምርበታለን። እስከ ጸደይ መግቢያው የናቭሩዝ በዓል አይከፈትም፤ ያለዚያ ብርዱ ይገድለዋል። ሻሮፋት ይህን ከባሏ ከቱርዲአሊ ጋር ስትሠራ ኖረች፤ እሱ ካረፈ በኋላ ብቻዋን። ልጅ አልወለዱም። ከእሱ የቀራት በእጁ የተከለው በለስ ነበር።

ዘንድሮ ብርዱ ቀረ። ቺላ በምንለው፣ ወንዙ ሳይቀር በረዶ በሚሆንበት ወቅት፣ ዝንቦች መስኮቱ ላይ ይርመሰመሱ ነበር። የበለሱ ጉብታ ተሰነጠቀ፤ ጠዋት ጠዋት እንፋሎት ይወጣው ጀመር።

ጎረቤቷ ማማራጃብ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ ታላቅ እህትን በምንጠራበት ቃል፣ «ኦፓ፣ የቀበሩት ሰውዬ አልቦታል! ብርድ ልብሱን ገፈፍ አያደርጉለትም?» አላት።

«አንተ ምላሳም፣ የራስህን ሮማን ጠብቅ!»

ሳቀ፤ ከአጥሩም አልራቀም። እሷ ግን እጇን በስንጥቁ ከተተች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ነቅቷል። ና፣ ዳስሰው» አለችኝ።

አፈሩን ገለጥ አደረግን። ጨለማው ውስጥ ነጫጭ ቡቃያዎች አውጥቷል፤ ቅጠላቸው እንደ ሕፃን ጆሮ ስስ ነው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ታጥፈዋል፦ ወደ ቤቱ ግድግዳ፣ አልጋዋ ወደተጠጋበት።

«ምድጃሽ ነው፣ ኦፓ። ግድግዳው ሲሞቅ ወደ ሙቀቱ ሄደ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቱርዲአሊም በዚያ በኩል ነበር የሚተኛው።»

ብትከፍተው፣ ኋላ የሚመጣው ውርጭ ይጨርሰዋል። ብትተወው፣ እንደነቃ አቅሙን ጨርሶ ይበሰብሳል። ስንጥቁን ደፈነችና ገብታ ምድጃዋን በውሃ አጠፋች።

«ሰማዩ ካላስተኛው እኔ አስተኛዋለሁ።»

«አንቺስ? ያ ሳልሽስ?»

«እኔ ጋቢ አለኝ።»

እኔ ቤት ነይ ብዬ ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ውርጩ ዘግይቶ፣ ሁላችንም ከረሳነው በኋላ፣ ድንገት ወረደ። በማግስቱ በሯን ሰብረን ስንገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ግድግዳው ላይ በረዶ ጋግሯል።

ከናቭሩዝ በኋላ ጉብታውን እኔ ከፈትኩ። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው አረንጓዴ ነው፤ ተርፏል። ያኔ የዳሰስናቸው ቡቃያዎች ጠቁረው ደርቀዋል። ከአጠገባቸው ግን አዲስ ነጭ ቡቃያ ወጥቷል፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ወደ መንገዱ ተዘርግቷል። በዚያ በኩል ምድጃ የለም፤ ፀሐይም አይደርስበትም። ያለው አስከሬኗን ያወጣንበት መንገድ ነው። በአየር ጠባይ ጣቢያ ዕድሜ ልኬን የነፋስ አቅጣጫ የመዘገብኩ ሰው ነኝ፤ ደግሜ አየሁት፤ አልተሳሳትኩም።

ማማራጃብ መጣ። እሱ የቀበራቸው የሮማን ዛፎች በሙሉ በስብሰዋል። አጥሩ ጋ ቆመ፤ አልተጠጋም።

«ተረፈ?»

«ተርፏል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወዴት ዞሯል?» አለኝ።

ቡቃያውን በመቀስ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ።

«የትም አልዞረም» አልኩት።